እንግዳ «እጄን የት ልታጠብ?» ሲል አስተናጋጅ ምን ይረዳ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የባህል ምግብ ቤት ልንከፍት ስለሆነ አዲስ አስተናጋጆች እያሰለጠንን ነው። እንግዳ ሽንት ቤትን በስሙ አይጠራም። አንድ አዛውንት «እጄን የት ልታጠብ?» ቢሉ ልጅቷ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ ከች አለች። ምን ምን ላስተምራቸው? በሩ ላይስ ምን ይጻፍ?

ማለዳ፦ ከቃሉ ይልቅ ሰዓቱን ይዩ። ገና እንደተቀመጠ ከጠየቀ በእርግጥም መታጠብ ፈልጎ ይሆናል። በልቶ፣ ታጥቦ፣ ሁለተኛ ቢራውን ይዞ ከጠየቀ ግን ሌላ ነው። ከተጠራጠሩ «የቱን ነው?» ብለው አያፋጥጡት፤ «መታጠቢያውም መጸዳጃውም በዚህ በኩል ነው፣ አባባ» ብለው ጥቂት እርምጃ ይምሩት። ችግር የሚፈጠረው የእጅ መታጠቢያው አዳራሹ ውስጥ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ሲሆን ነው፤ እንግዳው ቧንቧው ጋር ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ከአዳራሹ ማዶ «ሽንት ቤት በዚያ ነው!» ብሎ መጮህማ ክልክል ይሁን።

ጉልት፦ «መጣሁ»ን አትርሱ። እንግዳ ከወንበሩ ተነስቶ «አንዴ መጣሁ» ካለ ሳህኑን አታንሱበት፤ የተጋመሰ ጥብስ ጠፍቶ ሲያገኝ በጣም ይከፋዋል። እንጀራው እንዳይደርቅ ክደኑት፣ ሂሳብ ይዛችሁም አትከተሉት። ወጣቶቹ «ላራግፍ» ወይም «ወጥሮኛል» ይላሉ። ወጥሮኛል ላለ ሰው አቅጣጫ ብቻ። ልጅ «ሽንቴ መጣ» ካለማ ትእዛዝ መቀበሉ ይቆይ፣ እሱ ይቅደም።

የፊደል ወዳጅ፦ ከገጠር የመጡ አባት «ደጅ ልውጣ» ቢሉ ወደ ዋናው በር አትሸኟቸው። «ወገቤን ልሞክር» ቢሉም ወገባቸውን አሟቸው አይደለም፤ የቆየ የጨዋ አነጋገር ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ 1ኛ ሳሙኤል 24 ላይ፣ ሳኦል ዋሻ የገባው «ወገቡን ይሞክር ዘንድ» ነው። «አስቀመጠኝ» ያለ ደግሞ ተቅማጥ ይዞታል፤ ተቅማጥ ራሱ «ተቀመጠ» ከሚለው የወጣ ቃል ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲያጋጥም ሶፍትና ውሃ መኖሩን አንድ ሰው ሮጦ ይይ።

ማለዳ፦ ለበሩ «መጸዳጃ ቤት» ይሻላል፣ ከ«መጽዳት» የመጣ ስለሆነ ለጽሑፍ ያምራል። «ሽንት ቤት» ነውር ባይሆንም ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ጎልቶ ሲታይ ደስ አይልም። ከተማው አዳማ ነውና ከስሩ በኦሮምኛ «መነ ፊንጫኒ» ይጨመር፤ እሱም ቃል በቃል ሽንት ቤት ነው፣ ግን የተለመደው መጠሪያ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። ማንበብ ለማይችል የወንድና የሴት ሥዕል ይለጠፍ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ሴት ወንድ አስተናጋጅ መጠየቅ ብታፍርስ?

ጉልት፦ ቀስት ያለው ምልክት በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥም ስቀሉ፣ ከየጠረጴዛው እንዲታይ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሞክሩት፤ መጋረጃ ወይም ፍሪጅ ከጋረደው ቦታውን ቀይሩ። ያኔ ማንንም ሳትጠይቅ ትሄዳለች።