የሱስ ሕክምናው ሊያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንጠብቅ?

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) እናት
ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ማሪዋና በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ማጨሻ) በየቀኑ ይወስድ ነበር። የ12 ሳምንት የተመላላሽ ሕክምናው ሊያልቅ 2 ሳምንት ቀርቶታል። ሕክምናውን የጨረሱ ልጆች ከዓመት በኋላ እንዴት ይሆናሉ? ካቆመ 16 ቀኑ መሆኑን ይምላል፤ ቤት የገዛነው የሽንት መመርመሪያ ግን አሁንም ፖዘቲቭ ነው። እየዋሸኝ ነው? አባቱ ደግሞ አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ እንላከው ብሏል።

መልስ፦ የወጣቶች ሱስ አማካሪ
እህቴ፣ ከሽንቱ ልጀምር፤ ቤት ውስጥ ጸብ የሚያነሣው እሱ ነውና። በማሪዋናው ውስጥ ያለው የሚያሰክር ንጥረ ነገር፣ ቲ.ኤች.ሲ.፣ ሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በየቀኑ ሲወስድ የቆየ ልጅ ካቆመ በኋላ እስከ 30 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የቤቱ መመርመሪያ "አለ" ወይም "የለም" ከማለት በቀር መጠኑ እየወረደ መሆኑን አይነግርሽም። ብዙ ውሃ ጠጥቶ ሽንቱ ከቀጠነ ኔጌቲቭ፣ በማግስቱ ሲወፍር ደግሞ ፖዘቲቭ ይሆናል። ክሊኒኩ በላቦራቶሪ፣ የሽንቱን መቅጠንና መወፈር ከሚያሳየው ክሬአቲኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር አነጻጽሮ እንዲለካው ጠይቂ። በሳምንት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ውጤቶች እውነቱን ያሳያሉ። እስከዚያው "ዋሽተሃል" አትበይው።

ስለ ውጤቱ፦ አሜሪካ ውስጥ 600 ወጣቶችን ይዞ አምስት ዓይነት የተመላላሽ ሕክምና ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ሁሉም ረድተዋል፤ በ12ኛው ወር ከችግሩ ወጥተው የተገኙት ግን ሩብ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በፒትስበርግ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቺካጎና በፖርትላንድ የታከሙ 1,167 ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በየሳምንቱ ማሪዋና የሚወስዱት ከ80 በመቶ ወደ 44 በመቶ ወርደዋል፤ ሕክምናው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩትም የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ስለዚህ "ዳነ ወይስ አልዳነ" የሚለውን ተዪውና በወር ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ትምህርቱን፣ እንቅልፉን ተከታተዪ።

የሚያገረሽበት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሕክምናው ሳያልቅ ቀጣዩ ቀጠሮ በ7 ቀን ውስጥ ተጽፎ ይሰጥሽ፤ ለ90 ቀን በየሳምንቱ የሚደውል ወይም የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ በስሙ ይነገርሽ። ድብርት፣ ጭንቀትና ትኩረት ማጣት ተመርምረው ይታከሙ። እነዚህ ከታለፉ ልጁ ተመልሶ ማሪዋናውን መድኃኒት ያደርገዋል።

መልስ፦ የትምህርት ቤት ነርስ
አስተርጓሚ ካስፈለገዎት በሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት በሚሰጠው የጤና መድን) የሚያክም ክሊኒክ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጁን እንዲያስተረጉም አያድርጉት፤ የሚያፍርበትን ይዘለዋል።

መልስ፦ ፋርማሲስት
ከጓደኛ የሚገኝ "ፐርኮሴት" ወይም "ዛናክስ" የሚሉት ክኒን ፌንታኒል (ትንፋሽ አቁሞ ሊገድል የሚችል ኃይለኛ ማደንዘዣ) ሊኖርበት ይችላል። ይህን የሚያረክሰው የአፍንጫ መድኃኒት ናሎክሶን (4 ሚሊግራም) እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ሁለት ቤት አስቀምጡ። ልጅ ከንፈሩ ጠቁሮ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹም ከቀነሰ 911 ደውሉ። በጀርባው አስተኝታችሁ ራሱን ቀና አድርጉ፤ አንዱን በአንድ አፍንጫ እስከ መጨረሻው ግፉት። ከ2–3 ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሌላውን በሌላኛው አፍንጫ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኙት።

መልስ፦ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ
አባቱን እረዳዋለሁ፤ ከክፉ ጓደኛ ማራቅ ፈልጎ ነው። ግን በጣም አስጊ በሆኑት ወራት ክትትሉ ይቋረጣል፣ ትምህርቱ ይዛባል፤ እዚያም ጫትና አረቄ በእጅ ናቸው። ሲመለስ ሰፈሩም ጓደኞቹም ባሉበት ይጠብቁታል። ከሁሉ የሚብሰው፣ "እንልክሃለን" የተባለ ልጅ ቢያገረሽበት ትንፍሽ አይልም። አያቱን መጠየቅ ከፈለጋችሁ 90 ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከአንዳችሁ ጋር ይሂድ። ጸበልም ከያዛችሁ የታዘዘለት መድኃኒት አይቋረጥ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢያገረሽበትስ፣ በዚያው ቀን ምን ላድርግ?

መልስ፦ የወጣቶች ሱስ አማካሪ
በዚያ ማታ በጥያቄ አታፋጥጪው። ከሰከረ ተኝቶ ይደር፤ መተንፈሱን እያየሽ። ጠዋት "መቼ፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በፊት ምን ተሰምቶህ ነበር?" ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱን ጻፊና በ48 ሰዓት ውስጥ አማካሪው ዘንድ ውሰጂው። ቀጠሮ ሩቅ ነው ካሉሽ "አገርሽቶበታል" በዪ፤ ቅድሚያ የሚሰጡበትን ቀን ጠይቂ።