መረሬ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ) አፈር ላይ የተተከለ ሳር መሀሉ ቢጫ ሆነብኝ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም፣ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ መረሬ ላይ ሳር ላለማችሁ። ቦታው 24 ካሬ ሜትር ነው። ሰኔ መጀመሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ 2 ኩንታል የበሰበሰ ፍግ ተደባልቆበት፣ የሰርዶ ቁራጭ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተተከለ። ዳር ዳሩ ለምቷል፤ መሀሉ ግን ከሐምሌ ዝናብ ወዲህ ቢጫ ሆኗል። ሲነቀል ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታልም። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ ውኃ ብሞላበት በማግስቱም አልሰረገም። ስለዚህ ሥሩ አየር ያጣ ይመስለኛል፤ ዩሪያ ማዳበሪያ መጨመር የተውኩት ለዚህ ነው። ትንሽ አሸዋ መቀላቀልም መረሬን ይበልጥ ያጠጥረዋል እንጂ አያጠነፍፈውም።

ሳሩን ሳላነሳ ጠጠር የተሞላ ቦይ በመሀል ወደ ተዳፋቱ ባወጣ ይበቃል? ምን ያህል ይጥለቅ? ወይስ መሀሉን 10 ሴንቲ ሜትር በቀይ አፈር ከፍ አድርጌ እንደገና ልትከል? እባካችሁ፣ የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ክረምቱ ሳይወጣ የተረፈውን ማዳን እፈልጋለሁ።