ውጭ ሀገር ክለብ ሊያስፈርመው የፈለገ የ14 ዓመት ልጅ፦ የፊፋ ፈቃድና የብሔራዊ ቡድን ጉዳይ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቱ ተቀጥራ ጀርመን ስትሄድ ይዛው የሄደች የ14 ዓመት ልጅ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በክለብ ተመዝግቦ አያውቅም። አሁን አንድ የወጣቶች አካዳሚ ፈልጎታል፤ ግን የፊፋ ፈቃድ ሳይመጣ አይሰለፍም ብለዋል። ምን ሰነድ ይጠየቃል? ብዙውን ጊዜ የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው? ዜግነት ቢቀይርስ ለዋሊያዎቹ መጫወት ይችላል?

የመሐል ሜዳ፦ ትክክል ነው የነገሩሽ። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከሀገር ሀገር ማዘዋወር ይከለክላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ የውጭ ዜጋም እዚያው ውስጥ ይገባል። የዚህ ልጅ መውጫ ወላጁ ከእግር ኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ሀገር መቀየሯ ነው። ማመልከቻውን ክለቡ በጀርመን ፌዴሬሽን በኩል ያስገባል። ከእናንተ የሚፈለገው የእናትና የልጅ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናት የሥራ ውልና የሥራ ፈቃድ፣ አብረው እንደሚኖሩ የሚያሳይ የመኖሪያ ማስረጃ ነው።

ዋናው ነገር የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሥራ ውል፣ ከዚያ ቪዛ፣ ከዚያ መኖሪያ፣ ክለቡ የመጣው ከሁሉም በኋላ መሆን አለበት። የሙከራ ግብዣው ከሥራ ውሉ ከቀደመ፣ ወይም ሥራውን ያገኘላት ክለቡ ከሆነ፣ ውድቅ ይሆናል። አጎት ወይም አክስት ጋ መኖርም በዚህ አንቀጽ ወላጅን አይተካም። ክለቡ መጠንቀቁን በክፉ አትዪው፤ ባርሴሎና በታዳጊዎች ምዝገባ ምክንያት በ2015 እ.ኤ.አ. በሁለቱም የዝውውር መስኮቶች አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ተቀጥቷል።

ማኅተም፦ እኔ የምፈራው የልደት ቀኑን ነው፤ የኛ ልጆች ፋይል የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2011 ነው፤ አዲሱ ዓመት በዚያ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበርና። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የቆጠረ ሰው 15 ይጽፋል፤ ፓስፖርቱ 16፣ የልደት ካርዱ 15 ይሆንና አጣሪው ያቆመዋል። ሁለቱ ሰነዶች ካልተስማሙ ክለቡ ከማመልከቱ በፊት አስተካክሉ፤ ከገባ በኋላ የሚመጣ እርማት ዕድሜ ተቀንሷል የሚል ጥርጣሬ ያስነሳል። የስሙንም አጻጻፍ እያንዳንዱን ፊደል አመሳክሩ።

ጠያቂ፦ አባቱ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ችግር አለው?

ማኅተም፦ ልጁን ማን እንደሚያሳድግ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከሌለም የአባት የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ አያይዙ። ውል ሲመጣ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ከ3 ዓመት የበለጠ ውል ፊፋ አይቀበልም፤ ከዚያ በላይ የሚጽፍ ሰው ካለ አትፈርሙ።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ፦ በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል። ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ስለሆነ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ለዋሊያዎቹ አያሰልፍም። ለጀርመን ለመሰለፍም ፓስፖርቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከ10 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ የሄደ ልጅ 5 ዓመት እዚያ መኖር አለበት። ከ10 ዓመቱ በፊት የሄደ 3 ዓመት ይበቃዋል። ለምሳሌ ትውልደ ኢትዮጵያዊው የቀድሞ የአርሰናል ተጫዋች ጌድዮን ዘላለም በርሊን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ነው፤ ያኔ ደንቡ ጥብቅ ስለነበር ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን የተሰለፈው ፊፋ ለብቻው ከፈቀደለት በኋላ፣ በ2015 ነው። ስለዚህ ልጁ ዜግነት ለመቀየር ከማመልከቱ በፊት የትኛውን ማሊያ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት።