«ቅጂ» ስለተባለችው ልጅ፤ ደብተሩ ለምን ተዘጋ?

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ፦
ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቱሉ ዲምቱ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ የተነገረ አንድ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ክበባችን አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ በደብተሯ የጻፈችውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተራ በተራ ሲያነብ ቆይቷል። የታሪኩ ባለቤት የ15 ዓመት ልጅ ናት፤ ከእርሷ በፊት ከሞተች እኅቷ ሕዋስ በክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ አካል ሕዋስ ዘረመሉ አንድ የሆነ ሌላ በማስገኘት፣ የተገኘች መሆኗን አልጋ ሥር ከተደበቀ የሕክምና ፋይል ታውቃለች። አንድ አባት ተነሥተው «ቅጂ የሆነ ሰው የራሱ የሚለው ነገር የለውም፤ ልጆቻችንን በዚህ አታውኩብን» አሉ፤ ተጨበጨበ፤ ንባቡም እንዲቆም ተወሰነ። ጸሐፊዋ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ አይቻታለሁ። አሁን ያጨበጨባችሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፦ ቅጂ ማለት ምን ማለት ነው?

አባት፣ ከኮንዶሚኒየሙ፦
የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልመለስም። ልጅቷን አልነቀፍኩም፤ እጇ የተባ ነው። ነገር ግን የ13 ዓመት ልጄ ከክበባችሁ መጥታ «አባዬ፣ እኔ ብሞት እኔን የምትመስል ሌላ ታሠራለህ?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ፤ እናቷም ደንግጣ ዞር ስትል ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ አረረ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በ84 የድጋፍ፣ በ34 የተቃውሞና በ37 የድምፀ ተአቅቦ ድምፅ አገሮች የሰውን ክሎኒንግ እንዲከለክሉ የሚጠይቅ መግለጫ አጽድቋል። መንግሥታት ከሰው ክብር ጋር አይስማማም ያሉትን ነገር ለልጆች ተረት አድርገን የምናቀርበው ለምንድን ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦
ጋሼ፣ ክልከላውን እኔም እደግፋለሁ። በክሎኒንግ የተገኘችው ዶሊ የተባለች በግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1996 ስኮትላንድ ውስጥ ስትወለድ፣ ከ277 ሙከራ የተሳካው አንዱ ብቻ ነበር፤ ይህ በሰው ላይ ቢሞከር የስንት እናት ማኅፀን መከራ እንደሚያይ ያስቡት። በክሎኒንግ ስለመወለዱ የተረጋገጠ ሰውም እስከ ዛሬ የለም። የምቃወመው «ቅጂ» የሚለውን ቃልዎን ነው። ከሴት እንቁላል ውስጥ ኒውክለሱ፣ ማለትም ዘረመል የያዘው የሕዋስ እምብርት፣ ይወጣና ከሌላ አካል ሕዋስ በተወሰደ ኒውክለስ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እርግዝና፣ ምጥና ጡት ነው፤ የሚወለደውም የሟቹን ትዝታ ያልያዘ ሕፃን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የተወለደችው ድመት የጠጉሯ ቀለም እንኳ ከተገኘችባት ድመት ጋር አልገጠመም። የእንሰት ጓሮ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከአንድ ሥር የበቀሉ ችግኞች ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ እበት የደረሰው ሲፋፋ ያልደረሰው ሲቀጭጭ አይቷል።

አባት፣ ከኮንዶሚኒየሙ፦
መምህር፣ የእኔ ልጅ እንሰት አይደለችም። ደግሞም «ይተካል» ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ቅጂ ስል ሁሉም ተቆጣ፤ እርስዎ ይተካል ሲሉ ግን የተቆጣ የለም። በታሪኩ ውስጥ ወላጆቹ ልጅቷን ያሠሯት ለመተኪያ ነው። በሌላ ሰው ቦታ እንዲቆም የተሠራ ሰው የራሱ ምን አለው? ይህን መልሱልኝ።

ከመንትዮች አንዱ፦
ልመልስልዎት። እኔና ወንድሜ ከአንድ እንቁላል ለሁለት ተከፍለን የተገኘን ነን፤ ዘረመላችን አንድ ነው። እናታችን ሕፃናት ሳለን እንዳትሳሳት በግራ እጄ ላይ ቀይ ክር ታስርልኝ ነበር። ይሁን እንጂ የጣት አሻራችን እንኳ አይመሳሰልም። እርሱ ጋራዥ ሠራተኛ ሆነ፣ እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ከሁለታችን ቅጂው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦
በአንድ ነገር ከአባታችን ጋር ነኝ፤ በአንዱ ግን አይደለሁም። ሞትን አልቀበልም ብሎ የሞተውን ልጅ ደግሞ ለማሠራት መነሣት ድፍረት ነው። በዚህ መንገድ ሰው ቢወለድ ግን ነፍስ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነውና «የራሱ የሚለው ነገር የለውም» ማለት ከባድ ቃል ነው። መምህርን ግን ልጠይቅ፤ ዶሊ በ6 ዓመቷ የሞተችው ካረጀ አካል ስለተወሰደች፣ ማለትም አርጅታ ስለተወለደች አይደለምን?

የባዮሎጂ መምህር፦
አይደለም፤ ይህ ወሬ ሲደጋገም እውነት የመሰለ ነው። ዶሊን ለሞት ያበቃት በቫይረስ የሚመጣ የበግ የሳንባ ዕጢ ነው። እርሷ ከተገኘችበት የሕዋስ ዘር ቆይቶ በክሎኒንግ የተገኙ 4 በጎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሲመረመሩ በዕድሜያቸው ልክ ጤነኞች ነበሩ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦
በአራት በግ የሰውን ነገር መደምደም አይቻልም።

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ፦
እባካችሁ በጎቹን ተዉአቸውና ወደ ልጅቷ እንመለስ። የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ እንዲከለከል የሚጠይቀው ሥራው እንጂ በሥራው የተወለደው ሰው አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። ስንት ዘመን «ዲቃላ» እያልን በልጁ ላይ የወላጆቹን ጥፋት ስንጭን ኖረናል፤ አሁን ደግሞ ገና ላልተወለደ ሰው «ቅጂ» የሚል ስም እያዘጋጀን ነው።

ምትኬ፦
የምትጽፉትን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ነገር ግን የተነሣው የእኔ ጉዳይ ነው። ስሜ ምትኬ ነው። ካሣ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ የሚባል ጎረቤት የሌለው ከመካከላችን ማን አለ? ታላቅ እኅቴ በ4 ዓመቷ በኩፍኝ ሞተች፤ እኔ በዓመቱ ተወለድኩ። ፎቶግራፏ ቡፌው ላይ ከሲኒዎቹ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ዓመት በዓል ሲደርስ እናቴ የእርሷን የጥበብ ቀሚስ አውጥታ ታለብሰኝ ነበር። በ6 ዓመቴ እጅጌው ሲያጥረኝ አራት ጣት የሚያህል ጥበብ አስቀጠለችበት። ያችን አራት ጣት ጨርቅ እየዳሰስኩ «ይህች የእኔ ናት» እል እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሳይንስ አልሠራኝም፤ ዘረመሌም ከእኅቴ ይለያል፤ ይሁንና በእርሷ ቦታ እንድቆም ተጠብቄ አድጌያለሁ። እናቴን አልወቅሳትም፤ ኀዘኗ ነው። የዚያች ተማሪ ታሪክ ሲነበብ ከኋላ ተቀምጬ ነበርና፣ ባለታሪኳ በመስተዋት ፊት «ይህ ፊት ከእኔ በፊት የማን ነበር?» ስትል ለ30 ዓመት የፈለግሁትን ቃል አገኘሁ። ጋሼ፣ ልጅዎ የጠየቀችዎትን እኔ እናቴን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አባት፣ ከኮንዶሚኒየሙ፦
እኅቴ፣ የተናገርኩት እርስዎን አስቤ አይደለም፤ ካስቀየምኩዎት ይቅርታ። ሆኖም ስም ሌላ ነው፣ ሥጋ ሌላ ነው። እርስዎ ስሙን ተሸክመዋል፤ ያች ልጅ የተሸከመችው የሟቿን አካል ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ምትኬ፦
በስም ብቻ ይህን ያህል ከከበደኝ፣ በአካል ለሚሸከመው ይብሳል እንጂ አይቀልም። ታዲያ ስለ እርሱ የሚጻፈውን ነው የምንከለክለው?

አባት፣ ከኮንዶሚኒየሙ፦
አልከልክል እንኳ ብል፣ ለ13 ዓመት ልጅ ጊዜው አይደለም። በዚህ ማንም አያሳምነኝም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦
አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ባለታሪኳ ክርስትና የተነሣችው በማን ስም ነው? በሟች እኅቷ ነው ወይስ የራሷ ተሰጥቷታል?

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ፦
ንባቡ ሲቆም ታሪኩ እዚያ አልደረሰም ነበር። ደብተሩ አሁን በጸሐፊዋ ቤት ነው።