ታሚፍሉ ስምንት ቀን ወስዶ ፒሲአሩ አሁንም ፖዘቲቭ ነው፤ ቫይረሱ ተላምዶት ይሆን?

ጥያቄ፦
ወንድሜ ኩላሊት ከተተካለት ሁለት ዓመቱ ነው። የሰውነቱን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ትኩሳትና ሳል ሲጀምረው በ15 ደቂቃ የሚደርሰው ራፒድ ቴስት «ነጋቲቭ» አለ። በማግስቱ ፒሲአር ሲሠራለት ኢንፍሉዌንዛ ኤ፣ ኤች1ኤን1 ተገኘበት። ያኔውኑ ታሚፍሉ (ኦሴልታሚቪር) ተጀመረለት። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ጠፍቶ የነበረው ትኩሳት ትናንት ተመለሰ፣ ፒሲአሩም ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሙ «ናሙናውን ለተጨማሪ ምርመራ እንልካለን» አለን። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ሌሊቱን ትንፋሹን እየቆጠርኩ ነው ያነጋሁት።

መልስ 1፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። የፒሲአር ናሙና ስሠራ ነው የምውለው። ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን «ተላምዷል» አያሰኝም። ማሽኑ የሚያየው የቫይረሱን አርኤንኤ (የዘር መልእክቱን) ነው፤ የሞተውን ከሕያው አይለይም። መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ ደግሞ ቫይረሱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

የሲቲ ቁጥሩን ጠይቂ (ከሲቲ ስካን ጋር አይገናኝም)። ማሽኑ ቫይረሱን ለማየት ስንት ዙር እንደፈጀበት የሚናገር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቫይረሱ ቀንሷል። እዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው ማሽን የተሠሩትን ብቻ አወዳድሪ፤ የአፍንጫው ናሙና በደንብ ካልተወሰደም ቁጥሩ ያሳስታል።

የሚላከው ናሙና ላይ በዋናነት የሚፈለገው ኤች275ዋይ የሚባል ለውጥ ነው። ኒውራሚኒዴዝ በተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ላይ 275ኛዋ የፕሮቲን መገንቢያ (አሚኖ አሲድ) ሂስቲዲን በሌላዋ፣ በታይሮሲን፣ ስትተካ ኦሴልታሚቪር በደንብ መያዝ ያቅተዋል። አንዲት ፊደል እንደመቀየር ነው፣ ግን መድኃኒቱን ከጥቅም ውጪ ታደርገዋለች። ቢገኝም ተስፋ አትቁረጪ፤ ዛናሚቪር የሚባለው ሌላ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ይሠራበታል። ባሎክሳቪር የሚባለው መድኃኒት ደግሞ የሚያጠቃው ሌላ ፕሮቲን ስለሆነ ይህ ለውጥ አያግደውም።

መልስ 2፦
ራፒድ ቴስቱ አያስገርምሽ፣ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። እኔን ያሳሰበኝ ጠፍቶ የተመለሰው ትኩሳት ነው። ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የደረት ራጅ ተነስቷል? ካልተነሳ ዛሬውኑ ጠይቂ። የታሚፍሉው መጠንም በኩላሊቱ አቅም ልክ መሆኑን አረጋግጪ። መከላከያውን የሚያዳክመውን መድኃኒት (ታክሮሊመስ ከሆነ እሱን) ግን ሐኪሙ ሳያዝ እንዳያቋርጥ፣ አደራ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ሲቲው በመጀመሪያው ቀን 21 ነበር፣ የዛሬው 31 ነው። ላብራቶሪውም ማሽኑም አንድ ነው። ራጁን ነግሬያቸው አሁን ወስደውታል። በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ።