ሁለታችንም ከማለዳ እስከ ምሽት ሥራ ላይ ነን፤ የልጆቻችን ሳል አልለቅ ብሏል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሆጤ፣ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን እኔም ባለቤቴም የምንሠራው ኮምቦልቻ ነው። እኔ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ ማታም የሐረጎን ዳገት ወጥተን ቤታችን የምንደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ14 ወር ወንድ ልጅ አሉን፤ ቀኑን የሚውሉት ከአማቴ ጋር ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ያድራሉ።

ብርዱ ከገባ ከጥቅምት ወዲህ ቤታችን ከሳል ተለይቶ አያውቅም። አንዱ ሲሻለው ሌላዋ ትጀምራለች፤ ትንሹ በተለይ ሌሊት ይብስበታል። ትኩሳቱ አንድ ቀን ይኖራል፣ ሌላ ቀን የለም። ክፍሉ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ማታ ቡና የተፈላበትን ከሰል ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል እናስገባለን። ባለፈው ከታዘዘልን የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ የተረፈ ስላለ እርሱን ልስጣቸው ወይስ የሳል ሽሮፕ ልግዛ እያልኩ አመነታለሁ። አማቴ በበኩላቸው «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ካልተቆረጠ አይለቀውም» ብለው ቆራጭ ሊያስጠሩ ይፈልጋሉ። እሳቸውን ሳላስቀይም ምን ልበል? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ እኛ በሌለንበት ሰዓት ሕመሙ መበርታቱ በምን እንደሚታወቅ ነው።

መልስ፦ ነርስ፣ ከቧንቧ ውሃ

አብሽሪ እህቴ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚታዩበት ክፍል ስለምሠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ከማያቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚሁ በሳል ነው። ትናንሽ ልጆች በዓመት ስድስትና ከዚያም በላይ ጊዜ ጉንፋን ሊይዛቸው ይችላል፤ ጉንፋኑ ከሄደ በኋላም ሳሉ ብቻውን ሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ሲተካ ለእናት ሁሉም አንድ የማያልቅ ሕመም ይመስላታል። ብርዱ ራሱ ሕመሙን አይፈጥረውም፤ ብርዱን ሸሽተን መስኮት ዘግተን አንድ ክፍል ውስጥ ስንታጨቅ ግን ቫይረሱ በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ያም ሆኖ አንድ ልጅ ያለ ፋታ ከ14 ቀን በላይ ካሳለ መመርመር አለበት።

የሳንባ ምችን ከተራ ጉንፋን ለመለየት ቤት ውስጥ ማድረግ የምትችሉት ከሁሉ የሚጠቅም ነገር ትንፋሽ መቁጠር ነው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ዝቅ የሚልበትን የስልክ ሰዓት እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን መለኪያው 50 ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ረጋ ብሎ ሳለ የሚያስጮኽ አተነፋፈስ ካለው፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ ግን ቁጥር ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከሰሉን በተመለከተ ማለሳለስ አልችልም፦ ዛሬውኑ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ብዙዎቻችን «ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም» እንላለን፤ ይሁን እንጂ ፍም የሆነ ከሰል ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ተኝተው ያሉ ሰዎችን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል። የቤቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጥቶ ሕክምና መሄድ ይገባል። ጋዙን ትተን ጭሱን ብቻ ብናየው እንኳ፣ በጭስ ውስጥ የሚውልና የሚያድር ልጅ ለሳንባ ምች ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ክፍሉን ከማሞቅ ልጆቹን ማሞቅ ይቀላል፤ ካልሲ፣ ኮፍያና አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ የደሴን ሌሊት ይችላሉ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ከልጆቹ ሌላ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ከፒያሳ

የተረፈውን አሞክሳሲሊን አይስጡ። አንደኛ፣ በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሁለተኛ፣ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ልጁ የሳንባ ምች ኖሮበት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ጠርሙስ ትራፊ ሕመሙን ሳያድነው ምልክቱን ሊያደበዝዘው ይችላል። የሳል ሽሮፖች ዕድሜያቸው 6 ዓመት ላልሞላ ልጆች ጥቅማቸው ያልተረጋገጠ ሲሆን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ እንቅልፍ የሚያበዙ፣ ኮዴይን ያለባቸው ደግሞ ትንፋሽ የሚያዳክሙ ናቸው። ሰው መጥቶ «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ሲለኝ የሚቀለው መሸጥ ነበር፤ ግን አልሸጥም።

ልጆቹ አንድ ዓመት ስለሞላቸው ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ሳሉን ያስታግስላቸዋል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም። ትኩሳት ካስቸገራቸው ፓራሲታሞል በክብደት ነው የሚሰጠው፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይታሰባል። ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል ማለት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ መብለጥ የለበትም። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ጽሑፉን ያንብቡ፤ በቤት ማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይለኩ፤ የተሰጠበትንም ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ። አያት ቀን የሰጡትን እናት ማታ ሳታውቅ የምትደግምባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

መልስ፦ ከሸዋ በር፣ የሦስት ልጆች እናት

ስለ እንጥሉ እኔ ልመልስ፤ በእኔም ቤት ተነሥቶ ያውቃልና። እንጥል ሳል አያመጣም፤ ልጁ ጉሮሮው ሲታመም አብሮ ስለሚያብጥ ግን ወርዶ የታየው እርሱ ይሆንና ጥፋተኛ ይባላል። የሚቆረጥበት መሣሪያ ከልጅ ወደ ልጅ የሚዞር በመሆኑ ደም መፍሰስን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ ቴታነስን፣ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችንም ያስከትላል። ቅቤ በአፍንጫ መጨመርም እንዲሁ ይቅር፤ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ልጅን ማጠንም ብዙ ልጅ ያቃጠለ ነገር ነው።

አማትን በክርክር መርታት ግን አይቻልም፤ ቢቻልም ለቤቱ አይበጅም። የተሻለው እሳቸውን ራሳቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ ነው። ባለሙያዋ የልጁን አፍ ከፍታ «እማማ፣ ይዩልኝ፤ ጉሮሮው ቀላ ብሏል እንጂ እንጥሉ ደህና ነው» ስትላቸው ነገሩ ከምራት አፍ ሳይሆን ከሐኪም አፍ ይወጣል። ለብ ያለ ሻይ በማር፣ አጥሚትና ሾርባ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መስጠቱን ደግሞ ለእሳቸው ተዉላቸው፤ ይህ የእውነት የሚጠቅም ሥራ ሲሆን ከእሳቸው የተሻለ የሚሠራው የለም።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ አባት

አሰላሙ ዐለይኩም። «ትኩሳቱ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም» ያልሽው እና ልጆቹ ኮምቦልቻ ያድራሉ ማለትሽ አብረው ሲነበቡ አሳሰቡኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በወባማነት ይታያል፤ ዋናው ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ምልክቱ ከንክሻው ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ስለሚመጣ የደሴ ባለሙያ «ኮምቦልቻ አድረው ነበር» ካልተባለ ላያስበው ይችላል። ከጣት በምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። እህትሽ ዘንድ ሲያድሩም አጎበር ይዘርጋላቸው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ከሰሉ ትናንት ማታ ወጥቷል። ትንሹ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ብቆጥረው 34 ሆነ። ነርሷ ለጠየቁት፦ አዎ፣ አማቴም ከመስከረም ጀምሮ ያስላሉ። «የብርድ ነው» ስለሚሉ እኛም ልብ አላልነውም፤ ነገር ግን ቀሚሳቸው እየሰፋቸው ነው፣ ትንሹም የሚተኛው ከእሳቸው ጋር ነው። ሌላው ጭንቀቴ እኛ ፋብሪካ ስንገባ ስልክ በር ላይ ስለምናስረክብ ቀን ቢደውሉልኝ አለመስማቴ ነው።

መልስ፦ ነርስ፣ ከቧንቧ ውሃ

እንግዲያው መጀመሪያ የሚመረመሩት እሳቸው ይሁኑ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ የአዋቂ ሳል፣ በተለይ ክብደት መቀነስ ካለበት፣ የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል። የሳንባ ነቀርሳ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን በጭስ ማድ ቤት የቆዩ እናቶች ከሌላ የሳንባ ሕመምም ያስላሉ። ነቀርሳ ሆኖ ቢገኝ ግን ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ነው፤ መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደ ይድናል። አብረው የሚኖሩት ልጆችም ይመረመራሉ፤ ሕመሙ ያልተገኘባቸው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለትንሹ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ነቀርሳ በፍጥነት ይጠነክራል፤ ልጁም አክታ ማውጣት ስለማይችል ሕመሙ የሚደረስበት አብዛኛውን ጊዜ በአዋቂው በኩል ነው።

ውጤቱ እስኪታወቅ ልጁ ከእናንተ ጋር ይተኛ፣ ቀን መስኮቱ ይከፈት፣ እማማም ሲያስሉ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍኑ። ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፤ በሽታው በዚያ አይተላለፍም፤ ሰውን ማሳዘን ብቻ ነው።

መልስ፦ ከአራዳ፣ አባት

እኔና ባለቤቴም ውለን የምንገባ ስለሆንን ስልኩን በተመለከተ ያደረግነውን ልንገርሽ። ልጅ ሲታመም የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ስላልታወቀ ሳይሆን ቤት ያለው ሰው «እናቱን ሳልጠይቅ» ብሎ ስለሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን አስቀድመን ሰጠን፦ ነርሷ ከዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ከታየ እማማ ማንንም ሳይጠይቁ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ይደውላሉ። የክትባት ካርዱ፣ ለመጓጓዣና ለካርድ የሚሆን ብር፣ የሚያምኑት የሰፈር ባጃጅ ሹፌርና የአንዲት ጎረቤት ስልክ ቁጥር በአንድ ፌስታል ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ያችን ብር ለሽንኩርት እንኳ መንካት ክልክል ነው፤ በዚህ ብቻ አንድ ሁለቴ ተጣልተናል። የፋብሪካው ጥበቃ ወይም የክፍል ኃላፊሽ ለድንገተኛ መልእክት የሚቀበልበት ቁጥር ካለም ጠይቂና ጎረቤትሽ ጋ አስቀምጪው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ባለቤቴ ለሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ጠይቆ ተፈቅዶለታል፤ ሦስቱንም ይዞ ይሄዳል። አማቴ የተስማሙት «ለልጁ ስል» ብለው ነው። ይዘው መሄድ ያለባቸው ነገር አለ?

መልስ፦ ነርስ፣ ከቧንቧ ውሃ

የሁለቱንም ልጆች የክትባት ካርድ ይያዙ፤ ትንሹ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን እዚያው ያረጋግጣሉ፣ ሁለተኛው በ15 ወሩ ነውና ቀጠሮውንም ያስይዙ። የተረፈውን ሽሮፕ ከነጠርሙሱ ይውሰዱት። የአክታ ዕቃውን ጤና ጣቢያው ይሰጣል፤ አማትዎ ምራቅ ሳይሆን ከደረት በጥልቅ ሳል የወጣውን አክታ እንዲሰጡ፣ ሲሰጡም ከክፍል ውጭ አየር ባለበት ቦታ እንዲሆን ባለቤትዎ ያስታውሳቸው።