ላንድሮቨሬን ኤሌክትሪክ ላስደርግ ነው፤ ማን ጋ ልሂድ?

ጥያቄው የመጣው ፒያሳ አብሮኝ ካደገ ወዳጄ ነው። “ፋዘር የተዉልኝ ሲሪየስ ቱ ላንድሮቨር ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ አልቆለታል። ከማሳድሰው ኤሌክትሪክ ላስደርገው ብዬ ነው። መሀል ከተማ ማን ጋ ልሂድ? ምን ልግዛ? ጥቆማ በናትህ!”

የራሴን ላንድሮቨር፣ ሲሪየስ ስሪውን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ካስቀየርኩ ሁለት ክረምት አልፎታል። ያየሁትን ልንገርህ።

ሁሉንም ሥራ ጥርግ አድርጎ የሚጨርስልህ አንድ ጋራዥ አትፈልግ። እኔ ስፈልግ ሦስት ወር አባክኛለሁ። ብረቱን የሚያውቀው ሰውና ባትሪውን የሚያውቀው ሰው ለየብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ብረት የሚያውቅ ሞልቷል። ባትሪ የሚያውቅ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ገንዘብህንም ጊዜህንም ለሱ አስቀምጥ።

ከቀላሉ ልጀምር። ካምቢዮውን እንዳትጥለው። ፎር ዊሉም ዲፈረንሻሉም ባሉበት ይቆያሉ። የሚወርደው ሞተሩ፣ ራዲያተሩ፣ ጭስ ማውጫውና የነዳጅ ታንከሩ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚገጥመው በወፍራም የአልሙኒየም ሰሌዳ ነው። ይህ የቶርኖ ሥራ ነው። የሞተሩና የካምቢዮው ዘንግ መሀል ለመሀል ካልገጠመ ኩሽኔታው ይበላል፤ መኪናውም ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ስትገባ መጀመሪያ በምን እንደሚለካ ጠይቀው። “በዓይኔ እለካዋለሁ” ካለህ ሻይህን ጨርሰህ ውጣ። የኔ ባለሙያ ካዛንቺስ ነበር። በኮሪደር ልማቱ ተነስቶ አሁን ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው ያለው። ወስጄ አሳይሃለሁ።

ለፍሬን፣ ለጎማ ዕቃና ለባሌስትራ ሶማሌ ተራ ይበቃሃል። ለባትሪው የብረት ሳጥን ደግሞ ምናለሽ ተራ ያሉትን ልጆች የሚያህል የለም። ልኩን ወረቀት ላይ ሥለህ ውሰድላቸው እንጂ በቃል አትንገራቸው።

አሁን ሞተር። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከተጋጨ ኤሌክትሪክ መኪና መውሰድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። የሞላ ነገር ደግሞ መጋጨቱ አይቀርም። በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ የሚወደደው የኒሳን ሊፍ ሞተር ነው። የፊተኛው ሞዴል 80 ኪሎ ዋት አለው፤ ለላንድሮቨር ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ እነዚህ ሞተሮች ለብቻቸው አይሠሩም። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራሉ። የለመዱት ባትሪ፣ የለመዱት ቁልፍ ካልመለሰላቸው ዝም ይላሉ። ሞተሩን ብቻ በርካሽ ገዝተህ ብትመጣ የያዝከው ውድ ብረት ነው። ከነመቆጣጠሪያው፣ ከነገመዱ፣ ከተቻለም ሙሉውን የተጋጨ መኪና ግዛ።

ሁለተኛው ለቅየራ ተብሎ የተሠራ አዲስ ሞተር ማስመጣት ነው። ኔትጌይን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይፐር ናይን የሚባል ሞተር አለው፤ ከነመቆጣጠሪያው ይመጣል፤ በ100 ቮልት አካባቢ ይሠራል። ለመግጠም ቀላሉ እሱ ነው። ዶላሩ ግን ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። እኔ ይህንን ነው የመረጥኩት፤ የሰው ኮምፒውተር ማታለል ስላልቻልኩበት።

ባትሪው ላይ ረጋ እንበል። እዚህ ነው የተቃጠልኩት።

አንድ ሻጭ (ስሙን ተወው) ለቤት መብራት መጠባበቂያ የሚሸጡትን የሊቲየም ሴሎች አሳየኝ። እያንዳንዱ 280 አምፒር ሰዓት ይይዛል። 32ቱን ስትደረድር 102 ቮልት፣ ወደ 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ሒሳቡ አማለለኝ። ገዛሁ። ቦሌ መንገድ ላይ አሪፍ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን መሀል አቀበት ላይ ድርግም! አጠፋሁትና መልሼ አስነሳሁት፤ ትንሽ ሄዶ ዳግመኛ ድርግም።

ለካ የቤት መብራት ሴል የተሠራው ቀስ እያለ እንዲሰጥ ነው። የኔዎቹ ከ280 አምፒር በላይ እንዲጎተቱ አይፈቀድም። ያ ማለት 28 ኪሎ ዋት፣ ወደ 38 የፈረስ ጉልበት ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀው ቦርድ አደጋ መስሎት ኃይሉን ቆረጠው። ልክ ነበር። አጥፊው እኔ ነኝ፤ ሻጩ ግን መኪና ላይ እንደምገጥመው እየነገርኩት “ችግር የለም” ማለቱ እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ባትሪ ስትገዛ “ስንት ይይዛል?” ብቻ ብለህ አትመለስ። “በአንዴ ስንት ይሰጣል?” በል። መልሱን የማያውቅ ሰው ጋ አትግዛ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ፊትህ ቻርጁን እስከ መጨረሻው አስወርደህ ምን ያህል እንደሰጠ አስለካ። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ይፍጅ። አንድ ቀን እንጂ ዕድሜ ልክ አይደለም።

አጎቴ ከውጭ በሻንጣ ይዞልኝ ይመጣል ብለህም እንዳታስብ። እንዲህ ያለ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። በመርከብ በጅቡቲ ነው የሚገባው።

ገመዱን ለማንም የመኪና ኤሌትሪሽያን እንዳትሰጠው። የ12 ቮልት ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን የሚገድል ቮልቴጅ ነው። እኔ ያገኘሁት ልጅ በሥራ ቀን የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን፣ ቅዳሜና እሑድ የራሱን የሚሠራ ነው። ገና እንደመጣ የላስቲክ ጓንቱን አወጣ፣ ቀለበቱን አወለቀ። በዚያው ወደድኩት።

ቻርጅ ላይ አትጨነቅ። ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ ላይ የከፈተው ዓይነት ፈጣን ጣቢያ ለኔ መኪና አይሆንም። ፈጣኖቹ ከመኪናው ጋር ተነጋግረው ነው የሚሰጡት፤ ቮልቴጃቸውም ከኔ በጣም ይበልጣል። የቤት ሶኬት ይበቃል። ላንድሮቨር እንደ ቁምሳጥን ነፋስ የሚገፋ መኪና ስለሆነ በኪሎ ሜትር ወደ 300 ዋት ሰዓት ይበላብኛል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ማታ ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል ሰክተህ ትተኛለህ። መብራት ካልጠፋ ነው እንግዲህ።

ፍሬኑን ግን አትርሳ። ፍሬንህ ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ሲወርድ እርዳታው አብሮ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ መግጠም አለብህ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ እየያዘልህ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን መቀበያ ስለሌለው አይዝልህም። ላይኛው ሰፈር አድረህ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ አትውረድ።

ከሁሉም በፊት ደግሞ፣ አንድ ሳንቲም ሳታወጣ፣ ሊብሬህን ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ሂድ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ ተጽፏል። ሞተሩን ስትቀይር ቁጥሩ ይቀየራል። የሚጠይቁህን ወረቀት በጽሑፍ ተቀበል፤ የምትገዛውንም ሞተር ደረሰኝ ያዝ። ለቦሎ ስትሄድ ኮፈኑን ከፍተው ሞተር ሲያጡ ከምትከራከር አሁን ብትመላለስ ይሻላል።

ይህን ከጻፍኩለት በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰልኝ፦ “ታዲያ አቀበቱን አሁን ይወጣል?”

ሴሎቹን ለብዙ ጉልበት በተሠሩ ቀየርኳቸው። የቤንዚን ሞተር እዚህ ከተማ ከፍታ ላይ፣ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን አየር አይፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ራስህ ትነዳዋለህ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ተወው። ማኪያቶው ባንተ ነው።